ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ኬዙን ክፈቱት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጌም የሚጫወቱበትን ኮምፒውተር በሰባት ነጥብ ስለማሳደግ የሚያወራ ጽሑፍ ሰሞኑን በጎንደር የጌም ወዳጆች መካከል ሲዞር ሰነበተ። ብዙ ሰው ላከልኝ። አብዛኛው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ግን ሳይጠይቅ ግራፊክስ ካርዱን (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ገዝቶ መጣ። ካርዱ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ አልገባም። ቁመቱ ተርፎ ክዳኑ አልዘጋ አለ። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ ያ ካርድ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። አንደኛ፣ ገንዘብህን ሁሉ ግራፊክስ ካርድ ላይ አውለው፣ ሜሞሪው የበዛውን ምረጥ፣ ሌላው ይደርሳል ይላል። ሁለተኛ፣ 500 ዋት የሚል ከተጻፈበት የትኛውም ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ይበቃል ይላል። ሦስተኛ፣ አይ7 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) ያለው ሰው ፕሮሰሰር መቀየር አያስፈልገውም ይላል። አራተኛ፣ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሲገዛ አንድ ትልቅ ፍሬ ይሻላል። አምስተኛ፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ኤስኤስዲ (ማከማቻ) ፍሬም፣ ማለትም ጌሙ በሰከንድ የሚያሳየውን ምስል ብዛት፣ ይጨምራል። ስድስተኛ፣ ጎንደር ብርድ ስለሆነች ለማቀዝቀዣ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው፤ ለመብራቱም ስታቢላይዘር ይበቃል። ሰባተኛ፣ ጎንደር ውስጥ አትግዛ፣ አዲስ አበባ ላለ ሻጭ ብሩን ልከህ አስመጣ።

ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ ነው። ትክክል የሆነበትም ቦታ አለ፣ ስደርስበት እናገራለሁ። ግን ከመነሻው አንድ ነገር ዘሏል። አንባቢው አሁን ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንዳለው አልጠየቀም። ከዜሮ ለሚገጣጥም ሰው የሚሆን ምክር ነው ያለውን አሻሽላለሁ ለሚል ሰው የሰጠው።

እዚህ ከተማ «አሳድጉልኝ» ተብሎ የሚመጣው ኮምፒውተር ምን ይመስላል? አብዛኛው ቢሮ ያገለገለ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ። የሆነ አገር ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ዓመታት ከርሞ፣ ዞሮ ዞሮ ፒያሳ ሱቅ የተደረደረ። ውስጡ አራተኛ ወይም ስድስተኛ ትውልድ አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቀን አሳይንመንት ይሠራበታል፣ ማታ ኤፍሲ (የእግር ኳሱን ጌም) ወይም ጂቲኤ ይጫወትበታል። ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ኬዙንም ማዘርቦርዱንም (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ቦርድ) ሁሉንም በአንዴ አይቀይርም። ባለችው ሳጥን ላይ ነው የሚጨምረው። እናም ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ሳጥኗ ምን ትቀበላለች የሚለው ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ። «ካርዱን ግዛ፣ ሌላው ይደርሳል»። አይደርስም።

መጀመሪያ ቦታውን ለኩ። የቢሮ ኮምፒውተሮች በተለያየ መጠን ይመጣሉ። ታወር የሚባለው ትልቁ፣ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ይቀበላል። ቀጭኑ፣ አስተኝተው ሞኒተር የሚያስቀምጡበት፣ አይቀበልም። እሱ ሎው ፕሮፋይል የሚባል ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ይፈልጋል። ቁመቱ ቢስማማ እንኳ ርዝመቱ አለ። ባለ ሁለት ፋን ካርዶች የሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫ ላይ ሄደው ይጋጫሉ። ለዚህ ሜትር ይበቃል፤ የልብስ ሰፊ ሜትርም ቢሆን።

ቀጥሎ ኃይሉ ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ ራሱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ይህ ገመድ የላቸውም። ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ነዋ! ትሉ ይሆናል። እሱም ጣጣ አለው። ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንውሰድ። የታወሩ ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ዋና ገመድ ደግሞ የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም፤ ባለ 8 ፒን ነው። ከሱቅ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ያለ መቀየሪያ ገመድ አይሰካበትም። መቀየሪያው አለ፣ ይገኛል። ግን ካርዱን ከገዙ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው መታወቅ ያለበት።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን የሚሆኑት ካርዶች ጥቂት ናቸው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1650ም እንደዚያው፤ ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም፣ አንዳንዶቹ ግን ባለ 6 ፒን ማስገቢያ አላቸውና ጎኑን አይታችሁ ግዙ። አርኤክስ 6400 ደግሞ 53 ዋት ብቻ ይበላል፣ ግማሽ ቁመት ያለውም ይገኛል። ሲታይ ለቀጭኑ ሳጥን የተሠራ ይመስላል። ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ በአሮጌ ቦርዶች ላይ ሲሰካ ከአቅሙ የተወሰነውን ያጣል። ጌም እየተጫወተ ቪዲዮ መቅረጽ ለሚፈልግ ሰውም አይመችም፤ የመቅረጫ ክፍሉን አምራቹ አውጥቶታል።

በ1050 ቲአይና በ1650 መካከል ከሆናችሁ፣ የዋጋው ልዩነት ጠባብ ከሆነ 1650ውን ውሰዱ። የሁለቱም አምራች ኤንቪዲያ፣ 1050 ቲአይ ለሚገኝበት ለ10ኛው ተከታታይ ካርዶች አዳዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከጌሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል። ካርዱ ነገ ይሞታል ማለት አይደለም። ኤፍሲ 25ም በትንሹ የሚጠይቀው 1050 ቲአይን ነው። ግን ዛሬ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ሰው የነገውንም ማየት አለበት።

ሜሞሪው የበዛውን ምረጥ የሚለውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ሻጮች የሚወዱትን ንግግር ደገመ። ጂቲ 730 የሚባል ካርድ ባለ 4 ጊጋ ሆኖ ይሸጣል። ባለ 2 ጊጋው ጂቲኤክስ 1050 ደጋግሞ ይጥለዋል። የሜሞሪው ብዛት አንድ ነገር ነው፣ ፍጥነቱ ሌላ። ጂቲ 1030 በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ ጂዲዲአር5 ሜሞሪ አለው፣ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሌላው ዲዲአር4 ነው፣ 16.8 ጊጋባይት። ስማቸው አንድ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ እንኳ ይመሳሰላል። የሁለተኛው ፍጥነት ግን የመጀመሪያው ሲሶ አካባቢ ነው። «ባለ ስንት ጊጋ ነው?» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ ልዩነቱን ማንም አይነግራችሁም።

አልክድም፣ ትልልቆቹ ካርዶች መንደር ስንገባ ጸሐፊው እውነት አለው። አዳዲስ ጌሞች ላይ 8 ጊጋ መጥበብ ጀምሯል። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው እስከ ዛሬ የሚፈለገው ለዚህም ነው። ግን 3060 ብቻውን 170 ዋት ይበላል። 290 ዋት ያለው ሳጥን ላይ እሱን መጫን በባጃጅ ሞተር ሲኖትራክ መጎተት ነው።

ይህ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያመጣናል። በእኔ እይታ ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ይኸኛው ነው። ሌላው ስህተት ገንዘብ ያስበላል፤ ይህ ግን ሌላውን ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ 500 ዋት ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ወረቀት ነው። እውነቱ ያለው ጎኑ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ውስጥ፣ 12 ቮልት በሚለው ስር ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚህ መስመር ነው። እዚያ ላይ የተጻፈውን አምፔር በ12 አባዙት። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው። አለቀ። ከላይ 500 የሚል በትልቁ ቢጻፍም፣ ለካርዳችሁና ለፕሮሰሰራችሁ ያለው 216 ነው። ጤነኛ የሆነ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ በዚሁ መስመር ላይ ወደ 40 አምፔር የሚጠጋ ይጽፋል። ሱቅ ገብታችሁ ሠንጠረዡን ገልብጣችሁ ስታነቡ ሻጩ ፊቱን ቢያጨፈግግ አይክፋችሁ። ሠንጠረዥ የሌለው ካጋጠማችሁ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።

ሌላም ነገር አለ። ርካሾቹ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 እና 230 ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ማብሪያው በስህተት 115 ላይ ከሆነና ከሰካችሁት፣ ጧ! ይላል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ዕቃ ሲጓጓዝ ወይም ሕፃን ሲነካው ሊዞር ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት እዩት። ደህናዎቹ ይህ ማብሪያ የላቸውም። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ክፍል አላቸውና ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ይቀበላሉ። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ በሚወርድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አምፖሉ ደብዝዞ ኮምፒውተሩ አይጠፋም።

ሳንርቅ ከስድስተኛው ነጥብ የመብራቱን ክፍል እዚሁ ላንሳው፣ ጉዳዩ አንድ ስለሆነ። ስታቢላይዘር ይበቃል ይላል። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ሲወጣና ሲወርድ ያስተካክላል። መብራት ሲሄድ ግን እሱም አብሮ ይሄዳል። ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁለቱንም ችግር ያውቃቸዋል። በተለይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ዕቃ ይገድላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ስኩት። ነፃ ምክር ነው፤ ከየትኛውም ስታቢላይዘር በላይ ዕቃ አድኗል።

አቅሙ ያለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ይግዛ። ግን ዩፒኤስ የሚጻፈው በቪኤ ነው፣ በዋት አይደለም። 650 ቪኤ የሚለው እውነተኛ አቅሙ ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ባትሪውም ለደቂቃዎች ነው። ጌሙን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል፣ ግጥሚያ ለመጨረስ አይደለም። በዋንጫ ፍጻሜ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ መብራት ከሄደ ዩፒኤሱ ሳይሆን ዕድል ነው የሚያድናችሁ። ሌላው ጥንቃቄ፣ አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች ወደ ባትሪ ሲቀይሩ የሚሰጡት የኤሌክትሪክ ሞገድ አክቲቭ ፒኤፍሲ ካላቸው ፓወር ሰፕላዮች ጋር አይስማማም። ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ኮምፒውተር ሰክታችሁ፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ንቀሉና እዩ።

ሦስተኛው ነጥብ፦ አይ7 ያለው ሰው ፕሮሰሰር አይቀይርም። ይህን አባባል ከፒያሳ እስከ አዘዞ የማይደግመው የለም። አይ7-2600 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አራት ኮር (ውስጡ ያሉ ማስሊያዎች) አለው፣ ስምንት ክር (በአንዴ የሚይዛቸው ሥራዎች)። አይ3-12100 እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። እሱም አራት ኮር፣ ስምንት ክር። በጌም ሲወዳደሩ አይ3ው አይ7ቱን በሰፊ ልዩነት ይመራል። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው ትውልዱን የሚነግራችሁ። 4790 አራተኛ ትውልድ ነው፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ። 3፣ 5፣ 7 የሚለው ደረጃ የሚያወዳድረው በአንድ ትውልድ ውስጥ ያሉትን ነው።

መቀየር አለብኝ ወይ የሚለውን ደግሞ ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። የምትወዱትን ጌም ክፈቱ። የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከጎኑ ክፈቱ። ግራፊክስ ካርዱ 97፣ 98 በመቶ ላይ ከሆነ የደከመው ካርዱ ነው። ካርዱ 60 በመቶ ላይ እየተዝናና ጌሙ ከተቆራረጠ፣ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው ያነቀው። ማረጋገጫም አለው። የጌሙን ሪዞሉሽን (የምስሉን ጥራት) ዝቅ አድርጉት። ፍሬሙ ካልጨመረ አዲስ ካርድ ብትገዙም አይጨምርም። ጸሐፊው ይህን አንድ አንቀጽ ቢጽፍ ኖሮ ከሰባቱ ነጥቦች ግማሾቹን ማንሳት አያስፈልገውም ነበር። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ጂቲኤ 5 ፕሮሰሰር ይወዳሉ። አሮጌ አይ5 ላይ አዲስ ካርድ ሰክቶ «ለምን አልተለወጠም?» የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ አንዳንዴ መፍትሔው ርካሽ ነው። አራተኛ ትውልድ አይ5-4570 ያለው ሰው እዚያው ቦርድ ላይ ያገለገለ አይ7-4790 ማስቀመጥ ይችላል። ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) አንድ ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። ስምንተኛው ትውልድ ከስድስተኛውና ከሰባተኛው ጋር አንድ ዓይነት፣ ኤልጂኤ 1151 የሚባል ሶኬት ላይ ይቀመጣል። በእነሱ ቦርድ ላይ ግን አይነሳም። «ሶኬቱ ያው ነው» የሚል ደላላ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ፣ ኤኤም4 የሚባል ሶኬት ያለው ቦርድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ቢ450 ቦርድ በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ይቀበላል። ስድስት ኮር፣ 65 ዋት። ነገር ግን መጀመሪያ አሮጌው ፕሮሰሰር እንዳለ ባዮሱን (ቦርዱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አዘምኑ። አዲሱን ከሰካችሁ በኋላ ከሆነ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ባዮስ ሲዘመን መብራት ከሄደ ደግሞ ቦርዱ ላይመለስ ይችላል። ይህን ሥራ ያለ ዩፒኤስ አትንኩት።

ስለ ፕሮሰሰር ሳንጨርስ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። በዘዴ አሮጌ ላይ የሚጭኑ አሉ፣ ይሠራልም። ግን ቫሎራንትን የሚጫወት ሰው ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት መቆጣጠሪያዎች ካልበሩለት ጌሙ አይከፈትለትም። ለእሱ ሰው አራተኛ ትውልድ ላይ ገንዘብ መጨመር የማልመክረው በዚህ ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ስለ ራም፣ ብዙ አያስወራም። ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 ይሻላል። ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል። ካርድ ሳይኖረው በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ለሚጫወት ሰው፣ ለምሳሌ ራይዘን 5600ጂ ላለው፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጸሐፊው አንድ ትልቅ ፍሬ ያለው ወደፊት ለመጨመር ቦታ እንዲተርፍ ነው። ቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው ግን ቦታው አለ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 እንደማይለዋወጡ አትርሱ፤ ጥርሱ ራሱ አይገጥምም። ከ8 ጊጋ ወደ 16 መሄድ ይጠቅማል። ለጌም ብቻ ከሆነ ከ16 ወደ 32 መሄድ በዚህ ዓይነት ሳጥን ላይ ገንዘብ መበተን ነው።

አምስተኛው፣ ኤንቪኤምኢ ፍሬም ይጨምራል የሚለው፣ ትክክል አይደለም። ኤስኤስዲ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል እንጂ ፍሬም አይጨምርም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ መሄድ ኮምፒውተሩን አዲስ ያስመስለዋል፣ ለዚህ ምስክር ነኝ። ሳታው በሰከንድ 550 ሜጋባይት ያህል ያነባል፣ ኤንቪኤምኢው 3,500ም ይደርሳል። ጌም ሲከፈት ግን የሁለቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። አራተኛ ትውልድ ቦርዶች ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ከኤንቪኤምኢ ለማስነሳት ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

አሁን ወደ ብርዱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እውነት ነው። ቆላው መተማ ላይ ከሚጫወት ልጅ ጋር ሲነጻጸር እኛ ታድለናል። ግን ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ያለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ስለዚህ ብርዱ የሚሰጠንን ከፍታው በከፊል ይወስድብናል። ሁለቱን ደምሮ ቀንሶ «ማቀዝቀዣ አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አቧራው ነው። በበጋ የኮብልስቶን መንገድ ዳር ያለ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ተከፍቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ላይ ብርድ ልብስ የሚያክል አቧራ ይወጣል። ያን ማጽዳትና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባውን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየር ከሁሉ የረከሰው ማሻሻያ ነው። ኮምፒውተሩ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰዉ «ካርዱ አረጀ» ይላል። ካርዱ ታፍኖ ነው። ስታጸዱ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በነፋስ እንዳይሽከረከር። ጸሐፊው ውድ የውሃ ማቀዝቀዣና ባለ መብራት ፋን አትግዛ ያለው እስከዚህ ድረስ ልክ ነው፤ የቢሮ ሳጥን ያን አይፈልግም።

የቀረው ሰባተኛው ነው፣ ከአዲስ አበባ አስመጣ የሚለው። አዲስ አበባ ምርጫው ይሰፋል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። በዚህ አልከራከርም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ለመከተል እንኳ ያስቸግራል፣ ርካሽ መፈለጉ ይገባኛል። ግን ብር በስልክ ልኮ፣ ያላዩትን ካርድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ማስመጣት ሌላ ነገር ነው። ካርዱ ባይሠራ ዋስትናው ያለው እዚያ ነው፣ እናንተ ያላችሁት እዚህ።

በተለይ ያገለገለ ካርድ ላይ ፎርጅዱ በዝቷል። የድሮ ደካማ ካርድ ባዮስ ቀይረው ዊንዶውስ ውስጥ 1050 ቲአይ ብሎ ስሙን እንዲናገር ያደርጉታል። ጂፒዩ-ዜድ የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለች። ብዙዎቹን ፎርጅዶች ታጋልጣለች። ፎርጅድ ያልሆነ ግን የሚያሳስት ደግሞ አለ፦ አርኤክስ 580 2048ኤስፒ። ትክክለኛው 580 ውስጥ 2,304 ማስሊያዎች አሉ። ይሄኛው 2,048 ነው ያለው፣ ማለትም በአቅሙ 570 ነው። በ570 ዋጋ ከሆነ ግዙት፣ ክፋት የለውም። ክሪፕቶ ሲያመርት የኖረ ካርድ አትንካ የሚለው የጸሐፊው ማስጠንቀቂያ ግን ትንሽ የተጋነነ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ መመረት ሲያቆም ብዙ ካርድ ወደ ገበያ ወጣ። ፋኑ ተቀይሮለት፣ ፔስቱ ታድሶለት እስካሁን የሚሠራ አለ። ጥያቄው ፈተናውን ያልፋል ወይ ነው።

ፈተናው ደግሞ ቀላል ነው፣ ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት ከሆናችሁ። ኮምፒውተራችሁን ተሸክማችሁ ሱቁ ሂዱ። ካርዱ እናንተው ሳጥን ውስጥ ይሰካ። ጂፒዩ-ዜድ ይከፈት፣ ስሙና የሜሞሪው ዓይነት ይታይ። ከዚያ ከባድ ጌም ለሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይሂድ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ወይም ሙቀቱ እየወጣ ሄዶ ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ አራዳም ሆነ መርካቶ ያው ነው። የጎንደር ሻጭ ጥቂት ብር ቢያስወድድም ነገ ሱቁ እዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ካመጣችሁም የምታውቁት ሰው ሄዶ ያስፈትንላችሁ።

ጸሐፊው በመጨረሻ ምሳሌ ሰጥቷል፤ እኔም ልስጥ። ኦፕቲፕሌክስ 7050 ታወር፣ አይ5-7500፣ 8 ጊጋ ራም፣ ሃርድ ዲስክ። ባለቤቱ ኤፍሲና ጂቲኤ 5 ይጫወታል። ጸሐፊው ለእንዲህ ያለው ሰው አርቲኤክስ 3060 ግዛ ብሎታል። እኔ መጀመሪያ ኬዙን ከፍቼ አቧራውን አወጣለታለሁ፣ ፔስት እቀይርለታለሁ። ቀጥሎ ባለ 500 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ፤ ኤፍሲ ብቻውን 100 ጊጋ ቦታ ይፈልጋልና ከዚያ ያነሰ አይሆንም። ቀጥሎ አንድ ባለ 8 ዲዲአር4 ራም ከነባሩ ጎን። ከዚያ ገመድ የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650፣ የፈተሽነው። ፓወር ሰፕላዩን አልነካውም፣ ይችለዋል።

እዚያ ላይ ይቁም። ከዚያ በኋላ የሚያገኛትን ብር ይህ ሳጥን ላይ አያፍስስ። ለሚቀጥለው ቦርድ ያጠራቅም፦ ቢ450 ወይም ቢ550 ከራይዘን 5 5600 ጋር፣ ወይም አይ5-12400ኤፍ ከነቦርዱ፣ ሠንጠረዡ የተነበበ ፓወር ሰፕላይ፣ አየር የሚያስገባ ኬዝ። የአይ5ቱን «ኤፍ» ልብ ይበል፤ ያለ ካርድ ምስል አይሰጥም፣ ራይዘን 5600ም እንደዚያው ነው። ኤስኤስዲው አብሮት ይሻገራል፣ 1650ውም ለጊዜው እዚያ ይሰካል፣ ራሙም ዲዲአር4 በሚቀበል ቦርድ ላይ ይሠራል። ያን ጊዜ 3060ውን ይግዛ።